በሃርለም ዝንብ ይቀለባል

ምድር ለምድር ሲያስገመግም የቆየው ባቡር ወደ 125ኛው ጎዳና ሲቃረብ ድንገት ከጉድጓዱ ይወጣና በረጅም የብረት ቅስት ላይ ይንጠለጠላል። ከሥር መኪናው ይርመሰመሳል፤ በግራ በኩል በሕንፃዎቹ መሀል የሀድሰን ወንዝ ብልጭ ብሎ ይጠፋል፤ የጣቢያው ወለል ባቡር በመጣ ቁጥር ይንቀጠቀጣል። ለአንድ ጉዞ የዚያን ጊዜውን ዋጋ፣ 2 ዶላር ከ90 ሳንቲም ከፍያለሁ። "ጋሼ፣ እዚህ አገር ዶላሩን እየመነዘረ የሚገዛ ሰው ጾሙን ነው የሚያድረው" ብላ የእህቴ ልጅ አስቀድማ ብታስጠነቅቀኝም እጄ አላርፍ ብሎ በስልኬ አባዛሁት። ለአራት መቶ ብር ጥቂት ፈሪ። ስልኩን ኪሴ ከተትኩ።

ከጣቢያው ወርጄ ትንሽ ወደ ሰሜን እንደተራመድኩ የመጣሁበት ሕንፃ ብቅ አለ። ዘጠኝ ፎቅ ነው፤ ዙሪያውን መስታወት። ጣሊያናዊው አርክቴክት ሬንዞ ፒያኖ የነደፈው፣ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የአንጎል ተመራማሪዎች የሚሠሩበት የጀሮም ግሪን የሳይንስ ማዕከል ነው። መስታወቱ ድርብ በመሆኑ በአፍንጫው ሥር የሚያልፈው የባቡር ጩኸት በሩን ሲያልፉ እልም ይላል። ከመንገድ ቆሞ ሽቅብ ለሚያይ ሰው ተመራማሪዎቹ በየጠረጴዛቸው አጎንብሰው ይታያሉ። እኔ ቤተ ሙከራ ሲባል የተቆለፈ በርና አቧራ የጠጣ ማይክሮስኮፕ ትዝ የሚለኝ ሰው ነኝ። ቀናሁ። ደብቄ ምን አደርጋለሁ፣ ቀናሁ።

የእህቴ ልጅ በሩ ላይ ጠበቀችኝ። ሥራውን የያዘች ጊዜ ለእናቷ በስልክ "ምግብ ነው የማዘጋጀው" ስትላት፣ እህቴ ለሰፈሩ ሁሉ "ልጄ ኒውዮርክ ሼፍ ሆነች" ብላ አስወርታለች። ውሸት የለበትም። ተመጋቢዎቹ እነማን እንደሆኑ ብቻ ነው ያልተነገራት።

ዝንቦች ናቸው።

የቤት ዝንብ እንዳትመስላችሁ። የበሰለ ሙዝ ላይ፣ የጠጅ ብርሌ አፍ ላይ፣ የጠላ ጋን ዙሪያ የምታንዣብበው ደቃቋ የፍራፍሬ ዝንብ ናት፤ ርዝመቷ ሁለት ሚሊሜትር ተኩል ገደማ። የምግቧ ሽታ ከኮሪደሩ ጀምሮ ተቀበለኝ። ትልቅ የብረት ድስት ውስጥ የበቆሎ ዱቄት፣ ሞላሰስና እርሾ ከውሃ ጋር ይንተከተካል፤ አጋር የሚባል ከባሕር አረም የሚገኝ ማርጊያ ይጨመርበታል፤ ከዚያ ትኩሱ በየብልቃጡ ይቀዳና ሲቀዘቅዝ ይረጋል። ዓይኔን ስጨፍን እህቴ ጓሮ የቆምኩ፣ ድፍድፉም ገና የተደፈደፈ መሰለኝ። የእህቴ ልጅ ፊቴን አይታ ሳቀች።

"እማዬ ከጋኑ ላይ ዝንብ እያባረረች አሳደገችኝ፤ እኔ ደግሞ ዝንብ እየቀለብኩ ለእሷ ብር እልካለሁ" አለችኝ።

ወደ ማርቢያው ክፍል ስንገባ መነጽሬ ደበዘዘ። ሙቀቱ ሌት ተቀን 25 ዲግሪ ነው፤ በዚህ ሙቀት ከእንቁላል ተነስቶ ክንፍ አውጥቶ ለመብረር 10 ቀን ይበቃል። መደርደሪያው ከወለል እስከ ጣሪያ በብልቃጥ ተሞልቷል። በእያንዳንዱ ብልቃጥ አፍ ላይ የጥጥ ውታፍ፣ በእያንዳንዱ ሆድ ላይ የዘር ሐረጉ የተጻፈበት ወረቀት። አንዱ ዘር ማታ ማታ የማይተኛ፣ ሌላው ክንፉ የተጨማደደ፣ ሌላው ዓይኑ ነጭ። እኛ ለከብት እንኳ እንዲህ ያለ መዝገብ አልያዝንም ብዬ ተከዝኩ፤ ወዲያው ደግሞ ለዝንብ መተከዜ አሳቀኝ።

በካርቦን ዳይኦክሳይድ አፍዝዛ አንዷን ከማይክሮስኮፕ ሥር አስተኛችልኝ። ጎንበስ አልኩ። ዓይኗ የጭንቅላቷን ግማሽ ይዞታል፤ ጡብ የመሰለ ቀይ ነው፤ ከ700 በሚበልጡ ባለስድስት ጎን መስኮቶች ተከፋፍሏል፤ እያንዳንዱ መስኮት የራሱ ሌንስ፣ በሥሩም ብርሃን የሚቀበሉ ስምንት ሴሎች አሉት። ስድስቱ እንቅስቃሴና ደብዛዛ ብርሃን የሚያዩ ናቸው። የቀለሙ ጉዳይ በዋናነት የቀሪዎቹ ሁለቱ ነው። እነዚህ አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርበው ተቀምጠዋል፤ የላይኛው የሚያየው እኛ ጭራሽ የማናየውን አልትራቫዮሌት ሲሆን፣ እሱን አልፎ የወረደውን ብርሃን ደግሞ የታችኛው ይቀበላል፤ በአንዳንዱ መስኮት ሰማያዊውን፣ በሌላው አረንጓዴውን።

የትኛው መስኮት ሰማያዊ፣ የትኛው አረንጓዴ እንዲሆን የሚወሰነው እንዴት ነው? በዕጣ። በእውነት በዕጣ ነው። በዚሁ ከተማ በኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ የክሎድ ዴስፕላን ቤተ ሙከራ እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተመው ጥናት መሠረት፣ ዓይኑ ሲሠራ በእያንዳንዱ መስኮት ውስጥ አንድ ዘረመል በዘፈቀደ ይበራል ወይም ሳይበራ ይቀራል። ከበራ አረንጓዴ፣ ካልበራ ሰማያዊ። ከመቶው ሰባው ገደማ ይበራል። ስለዚህ የዚህችው የአንዷ ዝንብ የግራ ዓይን ንድፍ ከቀኟ ጋር አይገጥምም፤ በዚያ ክፍል ካሉት ሁሉ ሁለት አንድ ዓይነት ዓይን አይገኝም ማለት ነው። እኛ እኮ በእጃችን ጨብጠን ነው የምንጥላት።

ከዚያ ወደ ጨለማው ክፍል ወሰዱኝ። አስጎብኚዬ ከዶክትሬት ተማሪዎቹ አንዱ፣ ጢሙን ያልተላጨ፣ ቡናውን በአንድ እጁ የማይለቅ ልጅ ነው። ቀይ አምፖል ብቻ በርቷል። መብራቱ ዝንቧን አይረብሻትም ወይ ብዬ ብጠይቅ "ቀይ ለእሷ ጨለማ ነው" አለኝ። ረጅሙን የብርሃን ሞገድ የምትቀበልበት ሴል አቅሙ የሚበረታው 508 ናኖሜትር ላይ ነው፤ እሱም አረንጓዴ ነው። የእኛ ቀይ ከአቅሟ በላይ ነው። ዓይኗን ያቀላው ቀለም ሥራው ሌላ ነው፤ የአንዱ መስኮት ብርሃን ወደ ጎረቤቱ እንዳይፈስ መጋረጃ ሆኖ ይከልላል። ቀይ ዓይን ይዛ ለቀይ ዕውር! ጉድ ነው።

ዝንቧ በቀጭን ሳህን ቀዳዳ ላይ አንገቷ ተጣብቋል። ከላይ የጭንቅላቷ ጀርባ በጥቃቅኑ ተከፍቶ ማይክሮስኮፕ ያየዋል፤ ከታች ዓይኖቿ ወደ ባለቀለም መብራቶቹ ዞረዋል፤ እግሮቿ አየር ይረግጣሉ። በመቶ ሺዎች ዶላር የሚገዛ መሣሪያ ላይ የተሰቀለችው ይህች ነፍስ አሳዘነችኝ፤ የእህቴ ልጅ ግን "ስኳር ውሃ ታገኛለች" አለች፣ እኔን ለማጽናናት ይመስለኛል። የነርቭ ሴሎቿ ሥራ ሲጀምሩ እንዲያበሩ ተደርጋ የተፈጠረች ናት፤ ሴሉ ሲነቃ ካልሲየም ይገባል፤ ካልሲየም ሲገባ ከአንድ የባሕር ጄሊፊሽ በተወሰደ ዘረመል የተሠራ ፕሮቲን ይፈካል። ልጁ አልትራቫዮሌቱን ለኮሰ። እኔ ምንም አላየሁም። እስክሪኑ ላይ ግን የዝንቧ ሴሎች ፏ አሉ። እኔ በዚያች ቅጽበት የዕውሩ ድርሻ ደረሰኝ። ሁለት ሚሊሜትር ተኩል የምታክል ፍጡር እኔ የማላየውን እያየች ነበር።

ዝንብ ቀለም ትለያለች ወይ ብሎ ማን ጠየቃት ብዬ ተከራከርኩት፤ ደማቁንና ደብዛዛውን ብቻ ለይታ ቢሆንስ? ልጁ ጥያቄው ደስ አለው። በጀርመን የፍራይቡርግ ከተማ ተመራማሪዎች ገና በ1977 ዝንቦችን ቀለም ለይተው እንዲማሩ አድርገዋል። ከእነሱ በኋላ የመጡት ደግሞ ከአንዱ ቀለም ጋር ስኳር ሰጥተው አስለመዷቸው፤ ከዚያ ድምቀቱን እያሳነሱና እያበዙ ሲፈትኗቸው ዝንቦቹ ድምቀቱን ሳይሆን ቀለሙን ተከትለው ሄዱ።

ዋናው ነገር የመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ ለዚህ ነው ማስታወሻ ደብተሬን ያወጣሁት። አንድ ብርሃን ተቀባይ ሴል ብቻውን ቀለም አያውቅም። የሚያውቀው ምን ያህል ብርሃን እንደደረሰው ብቻ ነው። ለሰማያዊ የተዘጋጀው ሴል ጥቂት ሰማያዊ ቢደርሰውም ብዙ አረንጓዴ ቢደርሰውም የሚያሰማው ድምፅ ያው አንድ ነው። ቀለም የሚወለደው አንዱ ሴል የተናገረው ሌላው ከተናገረው ጋር ሲነጻጸር ነው። ሽሮ ሜዳ ጥለት የገዛች እናት ይህን ሳይነግሯት ታውቀዋለች፤ በሱቁ አምፖል ወርቃማ የመሰላትን ክር ወደ ደጅ አውጥታ፣ ከነጩ ሸማ ጋር አጋጥማ፣ በፀሐይ ሳታይ ገንዘብ አትቆጥርም።

እኔ ይህ ንጽጽር የሚደረገው አንጎል ውስጥ ጠልቆ፣ አዋቂ የሆነ ክፍል ጋ ደርሶ ይመስለኝ ነበር። የዝንቧ ግን የሚጀምረው ደጅ ላይ ነው። ተደራርበው የተቀመጡት ሁለቱ ሴሎች ጭራቸውን ወደ አንጎሏ የማየት ክፍል ይልካሉ፤ እዚያ ጫፍ ላይ፣ ገና ወሬውን ለማንም ሳያቀብሉ፣ አንዱ ሌላውን ያፍናል። አልትራቫዮሌት ሲበዛ የላይኛው ይነሳና የታችኛውን ድምፅ ይቀንሰዋል፤ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ሲበዛ የታችኛው ይበቀላል። መሣሪያቸው ሂስታሚን ነው፤ እኛ አለርጂና ማሳከክ ሲይዘን በክኒን የምንዋጋው ራሱ ሂስታሚን። ወደ ውስጥ የሚያልፈው ወሬ እንግዲህ "ይህን ያህል ብርሃን አለ" የሚል ሳይሆን "ይኼኛው ከዚያኛው በዚህ ያህል ይበልጣል" የሚል ነው። በዚህ ላይ ዲኤም9 የሚሉት ቅርንጫፉን የዘረጋ አንድ ነርቭ ሴል አለ፤ ከብዙ መስኮቶች የእነዚህን ሴሎች ሁሉ ወሬ ይሰበስብና መልሶ ለእነሱው ያካፍላል፤ ስለዚህ ክርክሩ የሁለት ጎረቤታሞች ብቻ ሳይሆን የመንደሩ ሁሉ ይሆናል። የመጀመሪያውን ከፍራይቡርግ የመጡ ተመራማሪዎች በ2018 አሳዩ፤ ሁለተኛውን ደግሞ በዚሁ ሕንፃ ሩዲ ቤህኒያ የምትመራው ቡድን በ2020።

ጠልቀው ሲገቡ የበለጠ ይገርማል። ያው ቡድን በ2024 ባወጣው ሥራ፣ በማየት ክፍሏ ውስጥ ሌሎቹን ቀለሞች ቸል ብለው ለአንድ ጠባብ የቀለም ዓይነት ብቻ የሚነሱ ነርቭ ሴሎች አገኘ። እንዲህ ያሉ ሴሎች ቀድሞ ይታወቁ የነበሩት በዝንጀሮ ዝርያዎች አንጎል ቅርፊት ነው። እንዴት እንደሚሠሩ ለማወቅ የዝንቧን የአንጎል ካርታ ገለጡና መስመሩን ተከተሉ፤ ሴሎቹ ወሬውን ወደ ፊት ብቻ አያስተላልፉም፣ እርስ በርስም መልሰው መላልሰው ይነጋገራሉ። ያንን መመላለስ በዘረመል ዘዴ ሲያውኩት መራጭነታቸው ጠፋ።

"ካርታ" ስል የዋዛ እንዳይመስላችሁ። የአንዲት ሴት ዝንብ አንጎል፣ ስፋቱ አንድ ሚሊሜትር የማይሞላው፣ ከ7,000 በላይ ስስ ቁራጭ ሆኖ ተሸንሽኖ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ፎቶ ተነስቷል፤ በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ አስተባባሪነት ኮምፒውተሮችና በየአገሩ ያሉ ሰዎች መስመር በመስመር ተከታትለውት በኦክቶበር 2024 በይፋ ወጣ። 139,255 ነርቭ ሴሎች። ከ50 ሚሊዮን በላይ መገናኛዎች። ልጁ እስክሪኑ ላይ ሲከፍተው እያንዳንዱ ሴል በየቀለሙ ተሥሏል። አንዷን ጠቅ አደረገ፤ ከማን እንደምትቀበል፣ ለማን እንደምታቀብል ተዘረዘረ። አዲስ አበባ የውሃ ቧንቧ ሲፈነዳ መስመሩ በየት በኩል እንደሚያልፍ ለማወቅ ግማሽ መንገድ ሲቆፈር ያየ ሰው እዚህ ጋ ዝም ማለት አይችልም። እኔም አልቻልኩም፤ የእህቴ ልጅ ለልጁ ተረጎመችለት፤ "የኒውዮርክም ያው ነው" አለ።

ከሰዓት በኋላ ወደ ደቡብ፣ ሽቅቡን በእግሬ ወጣሁ። ከአሥር ጎዳና በኋላ አሮጌው የኮሎምቢያ ግቢ ይገኛል። እዚያ ሼርመርሆርን በሚባለው ሕንፃ ቶማስ ሀንት ሞርጋን "የዝንብ ክፍል" የሚባለው ስምንት ጠረጴዛ የታጨቀበት ጠባብ ክፍል ነበረው፤ ዝንቦቹን በወተት ጠርሙስ፣ በሙዝ ያረባቸው ነበር። በ1910 ከቀይ ዓይናሞቹ መሀል አንድ ነጭ ዓይን ያለው ወንድ ተገኘ። ሞርጋን አዳቀለው፤ ልጆቹ ከጥቂቶች በቀር ቀይ ሆኑ፤ ከልጅ ልጆቹ መሀል ነጩ ተመልሶ ሲመጣ ወንዶቹ ላይ ብቻ ታየ። ዘር የሚተላለፈው ክሮሞዞም ላይ ተቀምጦ መሆኑን ካሳዩት ዋና ማስረጃዎች አንዱ ይህ ሆነ፤ ሞርጋንም በ1933 የኖቤል ሽልማት አገኘ። ጠዋት በብልቃጥ ውስጥ ያየኋቸው ነጭ ዓይናሞች ትዝ አሉኝ። ሕንፃውን ከውጭ አየሁት። ቀይ ጡብ ነው። ተማሪዎች ደረጃው ላይ ተቀምጠው ሳንድዊች ይበላሉ። ሌላ የሚታይ ነገር ስላልነበረ ወደ ቡና ቤት ገባሁ፤ የአንድ ኩባያ ይርጋጨፌ ዋጋ ብናገር እቤት የሚያምነኝ የለም።

ማታ የእህቴ ልጅ ሃርለም ውስጥ ካለ የአበሻ ምግብ ቤት ጋበዘችኝ። በያይነቱ፣ 22 ዶላር። እንጀራው ትንሽ ይወፍራል እንጂ ሽሮው ከቤት አያንስም። ልቤን የነካው ወሬ ግን የመጣው እዚያ፣ አፋችን ሙሉ እያለ ነው።

"ጋሼ፣ የፍቼ ዝንቦች እዚህ አገር እንዳሉ ታውቃለህ?"

ቀልድ መሰለኝ። እውነት ነው። የፍራፍሬ ዝንብ ጥንተ ዘሯ ደቡባዊውና መካከለኛው አፍሪካ ነው፤ ዓለምን ያዳረሰችው የሰውን ልጅ ጓዝና ፍሬ ተከትላ ነው፤ ወደ ደጋችን የወጣችው ግን ሌላ ሆናለች። በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች ከሰሃራ በታች ካሉ አገሮች ዝንብ ሰብስበው ጥቁረታቸውን ሲለኩ፣ ከሁሉም የጠቆረችው የኢትዮጵያዋ ሆና ተገኘች፤ ጥቁረቱም አብሮ የሚሄደው ከምንም በላይ ከአልትራቫዮሌቱ ብርታት ጋር ነው። ይህን ያሳተሙት በ2014 ነው። ከፍቼ፣ ከ3,070 ሜትር ከፍታ የተሰበሰበችው ከቆላዋ የዛምቢያ ዝንብ ጋር ስትተያይ በአካልም በክንፍም ትልቅ ናት። ደጋ የሠራት ዝንብ።

እጄ እንጀራው ላይ ቆመ። ወደ ጎጃም ስመላለስ ፍቼ ላይ ስንት ጊዜ ምሳ በልቻለሁ፤ ስንት ጊዜስ ከብርጭቆዬ አፍ ላይ እፍ ብያታለሁ። ኩራት ተሰማኝ፤ ለዝንብ ኩራት። ወዲያው ደግሞ ሆዴን ባር ባር አለው፤ ቆዳችንን የሚያከስለው ያ የደጋ ፀሐይ እሷንም አጥቁሯታል፤ ልዩነቱ እሷ ያንን ጨረር በዓይኗ ታየዋለች፣ እኔ አላየውም። ያንን ሰማይ እሷ እንደምታየው ለአንድ ቀን ባየው ምን ነበረበት? መስከረም ላይ ሜዳው አደይ ሲለብስ ያ ቢጫ ለእሷ ምን ይሆን? ይህን ጮክ ብዬ ስናገር የእህቴ ልጅ ዝም ብላ ሰማችኝ፤ ከዚያ በእጇ የቀረችውን ጉርሻ አጎረሰችኝ።

"ስመለስ ፍቼ ላይ ወርጄ አያታለሁ" አልኳት።

"ዝንብ ለማየት?"

"ዝንብ ለማየት።"

ሳቋን ዋጥ አድርጋ የሙያዋን ነገር ትመክረኝ ጀመር። "እንግዲያው ሙዝ ይዘህ ሂድ፤ ጥቁር ነጥብ ያወጣ፣ ጨርሶ የበሰለ። ከሩቅ የምትመጣው በቀለም ሳይሆን በጠረን ነው። ስትሰበሰብልህ ብልቃጡን ከላይ ቀስ ብለህ ድፋባት፤ ስትደነግጥ ሽቅብ፣ ወደ ብርሃን ነው የምትሸሸው። ምርጫ ብትሰጣት ደግሞ ከአረንጓዴ ይልቅ ወደ አልትራቫዮሌቱ ትሮጣለች። ለእኔ ልላክልሽ እንዳትል ብቻ፤ ያለ ፈቃድ ዝንብ ወደዚህ አገር ማስገባት ክልክል ነው። አውቶቡስ ላይ ይዘሃት ከወጣህም ጥጡን ጠበቅ አድርገህ ወትፈው፤ ተሳፋሪው ይሰድብሃል።"